ከደብረ ብርሃን ወደ ሮም፣ በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ለመምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ብስክሌት የምነዳ ሰው ነኝ። ዛሬም ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የምሄደው በብስክሌት ነው። ልጄ ሚላኖ ትኖራለች፤ በመጪው መስከረም ና ብላኛለች። እርስዎ ባለፈው ዓመት በጣሊያን የተሳላሚዎች መንገድ በብስክሌት እንደተጓዙ በዚሁ ዓምድ ላይ በጨረፍታ ነክተውት ነበር። እኔም ልሞክረው አሰብኩ። ከአኦስታ ተነስቶ እስከ ሮም 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አሉኝ። በ14 ቀን ልጨርሰው አቅጃለሁ። ይቻላል? ብስክሌቴን ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ ልከራይ? ረቡዕና ዓርብ ምን ይበላል? ደግሞስ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን በእነሱ የመሳለሚያ መንገድ መሄዱ ነውር የለውም? ወ. ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እርሳስ ይዤ ነበር። «በ14 ቀን» የምትለዋ ላይ አሰመርኩባት። እንግዲህ ከእሷ ልጀምር።

እባክዎ ይተዉት። መቻሉንማ ይችሉት ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ዕድሜ ልኩን ብስክሌት የነዳ ሰው ትንፋሽ አያንሰውም። ግን 1,000 ለ14 ሲካፈል በቀን ከ70 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በቀን 70 የሚነዳ ሰው የሚያየው የፊት ጎማውን ነው። ማታ አልጋ ላይ ይወድቃል፤ ጠዋት እንደገና ይነሳል። የት እንዳደረ እንኳ አያስታውስም።

ይህንን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። እኔ የተነሳሁት ቶስካና በምትባለው ክፍለ ሀገር ካለችው ከሉካ ከተማ ነበር። ከሉካ እስከ ሮም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ እርስዎ ደምሬና አካፍዬ በ9 ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሉካ ሳን ሚኒያቶ ገባሁ። በመሃል አልቶፓሾ የምትባል ከተማን ውሃ ሳልቀዳ እንኳ አለፍኳት። በሁለተኛው ቀን ሳን ጂሚኛኖ ስደርስ መሽቶ ነበር። ከተማዋ በድንጋይ ማማዎቿ የታወቀች ናት። በጥንት ጊዜ 72 ነበሩ ይባላል፤ ዛሬ የቆሙት 14 ናቸው። እኔ ግን ቀና ብዬ የማይበት አቅም አልነበረኝም። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ እራት ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ተጓዥ አጠገቤ ተቀመጡ። በእግራቸው ነው የሚሄዱት። በሚያውቋት ትንሽ እንግሊዝኛ «የአልቶፓሾን ደወል አየኸው?» አሉኝ። አላየሁም። እሳቸውም ነገሩኝ። አልቶፓሾ በመካከለኛው ዘመን ተሳላሚዎችን ተቀብለው የሚያሳድሩ ወንድሞች የነበሩባት ቦታ ናት። በዙሪያዋ ጫካና ረግረግ ነበር። ሲመሽ መንገድ የሳተ ተሳላሚ ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ ደወል ይደወል ነበር። የደወሉ ስም «ላ ስማሪታ» ነው፤ «የጠፋችው» እንደማለት። ደወሉ እስከ ዛሬ አለ። እኔ በሥሩ አልፌ ሄጃለሁ፤ ቀና ብዬ አላየሁም።

በዚያች ሌሊት ካርታዬን አወጣሁና ዕቅዴን ሰረዝኩት። በማግሥቱ ሳን ጂሚኛኖ ዋልኩ፤ ማማዎቹንም አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ከዚያ በኋላ በቀን ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፍኩም። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን አርፋለሁ። ሮም የደረስኩት በ19ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ አኦስታን ይተዉትና እንደ እኔ ከሉካ ይነሱ። ከ16 እስከ 20 ቀን ይስጡት። ጊዜ ካጠረዎት ደግሞ መንገዱን ያሳጥሩ እንጂ ቀኑን አያጣብቡ። ከሲየና ቢነሱ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ሙሉ ጉዞ ነው።

መንገዱ ምን እንደሆነ ለሌሎች አንባቢዎችም ባጭሩ ልናገር። ስሙ ቪያ ፍራንቺጄና ይባላል፤ ከፍራንኮች አገር፣ ከፈረንሳይ በኩል የሚመጣው መንገድ ማለት ነው። ከእንግሊዝ ካንተርበሪ ተነስቶ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ አልፎ ሮም ይገባል። በ990 እ.ኤ.አ. ሲጄሪክ የተባለ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሮም ሄዶ ሲመለስ ያደረባቸውን 79 ቦታዎች አስጻፈ። ዛሬ መንገዱ የሚከተለው ያንን ዝርዝር ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ምክር ቤት የባህል መንገድ ብሎ መዝግቦታል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደስ የሚለውን ነገር ልንገርዎ። የዚህ ሁሉ መንገድ ከፍተኛው ቦታ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ ያለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ በር የሚባለው የተራራ ማለፊያ ነው። ከባሕር በላይ ከፍታው 2,469 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው! እርስዎ ገበያ የሚሄዱበት መንገድ ከአልፕስ በር በላይ ነው። ከሉካ ወዲህ ያለው ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። እኔ የወጣሁት ትልቁ ዳገት ራዲኮፋኒ ነው፤ መንደሩ ወደ 800 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ሸዋ ሮቢት እንኳ ከዚያ ከፍ ትላለች።

ታዲያ ዳገቱ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ጣርማ በርን በብስክሌት የወጣ ሰው ትንፋሹን ይችለዋል፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ቶስካና ውስጥ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እንደ ቆላ ይጠብሳል። እኔ በጠዋት እነሳና እኩለ ቀን ሳይሆን አቆም ነበር። ሱቁም ምግብ ቤቱም እንደዚያው ነው። በትንንሾቹ ከተሞች በእኛ ሰዓት ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ዳቦና ፍራፍሬ ቀደም ብለው ይግዙ። በመንደሮቹ አደባባይ ላይ የሚጠጣ ውሃ የሚፈስባቸው ቧንቧዎች አሉ። ባገኙት ቁጥር ኮዳዎን ይሙሉ።

ብስክሌትዎን ይዘው አይሂዱ። መፍታቱ፣ በካርቶን ማሸጉ፣ በአውሮፕላን መጫኑ፣ እዚያ ደርሶ መግጠሙ ትልቅ ጣጣ ነው። ይከራዩ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይከራዩ፤ እዚያ ጠና ያሉ ሰዎች በብዛት የሚነዱት እሱን ነው። ግን ሲከራዩ ጎማውን በእጅዎ ዳብሰው ይዩ። ፓምፕና ትርፍ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እንዳለውም ይጠይቁ። እኔ ይህንን አላደረግኩም። ያከራየኝ ሱቅ የሰጠኝ ብስክሌት የኋላ ጎማው አልቆ ነበር፤ ፓምፕም የለውም። ቀለሙ አምሮብኝ ብቻ ተቀበልኩት።

ዋጋውን የከፈልኩት ከሲየና በኋላ ነው። ከሲየና ወደ ደቡብ ሲወጡ አገሩ ገላጣ ነው፤ ግራጫ ሸክላ አፈር ነው። መንገዱ በብዙ ቦታ አስፋልት የለውም፤ ነጭ ኮረት ነው። በደረቅ ጊዜ ያምራል። ከሌሊቱ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ጠዋት አንድ ማቋረጫ ገባሁ። አፈሩ ልክ እንደ እኛ መረሬ ነው። ጎማው ላይ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በሹካውና በጎማው መሃል ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞሩን ያቆማል። ወርጄ በእንጨት እፍቃለሁ፤ ሃያ እርምጃ እገፋለሁ፤ እንደገና እፍቃለሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ዝናብ ከዘነበ፣ ጋሼ፣ በአስፋልቱ ይዙሩ።

ከዚያ ወጥቼ ቡኦንኮንቬንቶ ልገባ ስል የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ከመንገዱ ዳር ትራክተር የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም። እኔም ጣሊያንኛ አላውቅም። በጣቴ አሳየሁትና «ጎማ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ከመነዳሪ» አልኩት። ፊቱን ጨምደድ አደረገና ጆሮውን አቀረበ። ደገምኩለት። «አ! ካሜራ ዳርያ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ከዚያ እኔ «ፒንሳ» ስል ፒንሳ ያቀብለኛል። «ካቻቪቴ» ስል ካቻቪቴ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቴና፣ ሁሉን ቆጠርኩለት። እኔ የምናገረው አባቴ ብስክሌቱን ሲጠግን የሰማሁትን የጋራዥ አማርኛ ነው። እሱ የሚሰማው የራሱን ቋንቋ ነው።

ከየት ነህ አለኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። ዝም አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየና የአያቱ ወንድም እዚያ እንደነበሩ ነገረኝ። በእጁ የጠመንጃ ምልክት አሳየኝ። ስለዚያ አገር አንድ ቀን አውርተው አያውቁም አለ። ቃላቱ እንዴት ወደ እኛ እንደመጡ ሁለታችንም እናውቃለን። የጣርማ በርን ዋሻ ማን እንደቆፈረውና በምን ዘመን እንደቆፈረው የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። በሥራው 8 ዩሮ አስከፈለኝ። ትርፍ ከመነዳሪ ጨመረልኝ። ስሄድ መንገዱ ዳር ቆሞ እስክታጠፍ ድረስ ያየኝ ነበር።

ይህ ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ይወስደኛል፤ ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው። ለእኛ ነውር የለውም ወይ ብለዋል። የሃይማኖቱን ነገር የንስሐ አባትዎ ይንገሩዎት፤ የእኔ ድርሻ አይደለም። የታሪኩን ግን ልንገርዎ።

አባቶቻችን ሮም የሄዱት ከእኛ በፊት ነው። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ በ1441 እ.ኤ.አ.፣ በኢየሩሳሌም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተገኝተዋል። ከዚያም ሮም ገብተዋል። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አካባቢ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። እስከ ዛሬ ስሙ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» ነው። የመጡበት ጉዳይ የሐዋርያት የጴጥሮስና የጳውሎስን መቃብር መሳለም ነበር። ሐምሌ 5 ቀን እኛም የምናከብራቸው እነዚያኑ ጴጥሮስና ጳውሎስን ነው።

ከዚያ በኋላ ሮም ከገቡት መነኮሳት አንዱ የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው ብል እደፍራለሁ። አባ ተስፋ ጽዮን ይባላሉ፤ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በኢየሩሳሌም በኩል ሮም ገቡ። በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግዕዝ አዲስ ኪዳንን በማተሚያ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። በ1552 እ.ኤ.አ. እዚያው ጣሊያን አረፉ። አራት መቶ ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የግራዚያኒ ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ልብ መያዝ ከባድ ነው። እኔ ይዣቸው ሄጃለሁ። መንገዱ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። እንግዲህ ይሂዱ፣ ጋሼ። እንደ እንግዳ ብቻ ሳይሆን አባቶቹ እዚያ ደጅ እንዳደሩ ሰው ሆነው ይሂዱ።

የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብለው ቢፈልጉ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ስለሆነ እንደ ልብ አይገባም። እኔ ያየሁት ከላይ ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት 551 ደረጃ ወጥቼ ወደ ኋላ ወደ አትክልቱ ሳይ፣ ትንሽ ቡናማ ጣሪያ ያለው ቤት ከትልቁ ሕንፃ ሥር ተጠግቶ አየሁ። ከኮረብታው ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ አለ። ከጎኔ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወደ አደባባዩ ነው የሚያዩት። እኔ ለብቻዬ ፊቴን ወደዚያ አዙሬ ብዙ ቆየሁ።

የጾም ነገር አያሳስብዎ። በቶስካና የድሃ ምግብ የሚባለው በአብዛኛው የጾም ነው። ባቄላና ፓስታ ያለበት ሾርባ አለ፤ ዳቦና ጎመን አንድ ላይ የሚበስልበትም አለ። ብቻ አይብ አታድርጉብኝ ይበሉ፤ ሳይጠይቁ ነው የሚነሰንሱት። ሾርባው በሥጋ ውሃ እንዳይሆንም ይጠይቁ። በሉካ ደግሞ «ቼቺና» የሚባል ነገር አለ። የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ በሰፊ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ስበላው የሽሮ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ሦስት ቁራሽ በላሁ። የቶስካና ዳቦ ግን ጨው የለበትም። ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ማኪያቶ ብለው ካዘዙ በትንሽ ስኒ ጥቁር ቡና ወተት ጠብ ተደርጎበት ይመጣልዎታል። የእኛን የሚመስለው ካፑቺኖ የሚሉት ነው።

ማረፊያ በየከተማው የተሳላሚ ቤት አለ። አንዳንዱ የገዳም ነው፤ እንደ አቅምዎ ይሰጣሉ። ሌላው እኔ በሄድኩበት ጊዜ ከ15 እስከ 30 ዩሮ ነበር። ከመነሻዎ የተሳላሚ ደብተር ያወጣሉ። በየደረሱበት ማኅተም ያስመታሉ። ሮም ሲደርሱ በእግር የመጨረሻዎቹን 100፣ በብስክሌት 200 ኪሎ ሜትር መጓዝዎን ማኅተሙ ካሳየ የምስክር ወረቀት ይሰጥዎታል። ብስክሌት በየአካባቢው ባቡር ላይ በ3.50 ዩሮ ትኬት ይጫናል፤ ስለዚህ የደከሙ ቀን ባቡር ይሳፈሩ። ማንም አይጠይቅዎትም። ሮም መግቢያ ላይማ ግዴታ ነው ብዬ አስቀድሜ እነግርዎታለሁ። ካሲያ የሚባለው አውራ ጎዳና በመኪና የተጨናነቀ ነው። እኔ ከላ ስቶርታ በባቡር ገብቼ ሞንቴ ማሪዮ ወረድኩና ወደ ኮረብታው ገፋሁ። የጥንት ተሳላሚዎች «የደስታ ተራራ» የሚሉት እሱን ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የሚያዩት ከዚያ ስለሆነ ነው። ጻድቃኔ ማርያምን ሊሳለሙ የሚሄዱ እናቶች ጣሪያውን ከሩቅ ሲያዩ እልል እንደሚሉት ማለት ነው።

ቪዛውን በጊዜ ይጀምሩ። ከልጅዎ የግብዣ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ሐኪምም ልብዎንና ጉልበትዎን ይይልዎ።

ከቻሉ ደግሞ መስከረም 3 ቀን ሉካ ይሁኑ። በካቴድራሉ ውስጥ ጥንታዊ የእንጨት ስቅለት አለ፤ «ቅዱስ ፊት» ይሉታል። በዚያን ዕለት ማታ በማግሥቱ ለሚውለው የመስቀል በዓላቸው ከተማው ሁሉ በየመስኮቱና በየግንቡ ሻማ ያበራል። መብራት ይጠፋል። ሕዝቡ በሻማ ብርሃን ይዞራል። የእኛ ደመራ 13 ቀን ይቀረዋል። እኔ መስከረም 16 ማታ ቦልሴና ሐይቅ ዳር ነበርኩ። ለእረፍት ነበር የቆምኩት። ልጄ ደብረ ብርሃን ላይ ስልኳን ወደ ደመራው አዞረችልኝ። ጭሱ ሲወጣ፣ ሕዝቡ «ኢዮሃ አበባዬ» ሲል፣ ሐይቁ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ሰማሁት። በቀን 70 ብነዳ ኖሮ በዚያን ሰዓት ተኝቼ ነበር።

ጥያቄ፦ «ደብረ ሲና ቆሎ እሸጣለሁ። ብስክሌት አልነዳም። ግን ወደ ጣሊያን ሲሄዱ የእኛን ቆሎ ይዘው እንደሄዱ ሰማሁ። ፈረንጆቹ ወደዱት? ስ. ከደብረ ሲና»

መልስ፦ እህቴ ስ.፣ ወደዱት! ሁለት ኪሎ የገብስ ቆሎ በሱፍ ይዤ ነበር፤ መንገድ ላይ እንዳልራብ ብዬ። ራዲኮፋኒን የወጣሁት በእሱ ነው። ዳገቱ መሃል ላይ ቆሜ፣ እፍኝ ቆሎ አፌ ውስጥ ጨምሬ፣ እንደገና እነሳ ነበር። ማታ በማረፊያው ጠረጴዛ ላይ ከረጢቱን ፈታሁት። ቤቱን የሚያስተናግዱት አንዲት አሮጊት አጎንብሰው አሸተቱና «ኦርዞ!» አሉ። ኦርዞ ገብስ ነው። እነሱ ጋ ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው እንደ ቡና አፍልተው ይጠጡታል። አሮጊቷ በጦርነቱ ጊዜ ቡና ሲጠፋ እናታቸው ቤት የሚሸተው ይህ ሽታ ነበር አሉ። እፍኝ ወስደው በመሀረባቸው ቋጠሩት። ሱፉን ግን ከነልጣጩ ነው የበሉት፤ አላስተማርኳቸውም፣ ቆጨኝ።

ለሚሄዱ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ይዞ ወደ አውሮፓ መግባት ክልክል ነው። ይወረሳል።

ጥያቄ፦ «ተማሪ ነኝ፣ ከሸዋ ሮቢት። ጣሊያን የመሄድ አቅም የለኝም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በብስክሌት ቀስ ተብሎ የሚኬድበት የመሳለሚያ መንገድ የለም?»

መልስ፦ እንዴት የለም፣ ወንድሜ! ጣሊያኖቹ ያደረጉት ነገር ድሮ የነበረውን መንገድ ምልክት መትከልና ማረፊያ ማዘጋጀት ነው። መንገዱማ እኛም ጋ አለ። ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሰው በእግሩ ሲሄድ ስንት መቶ ዓመት ሆነው። አያቴ ጻድቃኔ ማርያም የሄዱት በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ በየመንደሩ እየተጠለሉ ነው። ያሳደራቸውን ሰው ስም እስኪሞቱ ድረስ ይጠሩ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና አትጀምር። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ላይ ነው፤ ያማርርሃል። በመኪና ደብረ ብርሃን ውጣና ከዚያ ተነስ። በጻድቃኔ ማርያም መንገድ እስከ ሰላ ድንጋይ ሦስት ቀን ስጠው። ፍሬንህን በቁልቁለት አጥብቀህ ይዘህ አትውረድ፤ ይግላል። እየነካህ እየለቀቅህ ውረድ። ብርድ ልብስ ያዝ። ማደሪያውን በየቤተ ክርስቲያኑ አስቀድመህ ጠይቅ። ደብተር ግዛና በየደረስክበት አስተዳዳሪውን ማኅተም አስመታ። እኔ ባለፈው ጥር ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን አራት ማኅተም አለኝ።

ጋሼ ወ.፣ ይህ ለእርስዎም ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በ12፡30 ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በር ተነስቼ እስከ ጫጫ ደርሼ እመለሳለሁ። ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫጫ ሻይ እንጠጣለን። የሚነዱትን ብስክሌት ይዘው ይምጡ፤ የኮርቻውን ከፍታ እዚያው አይልዎታለሁ።